የሞተሩ ስርጉድ

አናሊን በግራ እጇ የብርጭቆ ወረቀቱን የሲሚንቶው ደረጃ ላይ ትፈገፍጋለች፤ በቀኝ እጇ ስልኳን ትነካካለች። ፍሽ፣ ፍሽ፣ ፍሽ። መወልወል የነበረበት የአሉሚኒየም ክዳን፣ ያ ከሞተሩ አናት ላይ የሚገጠመው፣ አጠገቧ ካለው ባልዲ ውስጥ ተነክሮ ተቀምጧል። እጅ ካረፈበት ሰንብቷል።

«ድምፁ ደረቀብኝ» አሉ ሎሎ ቴባን ከኋላዋ።

ሎሎ የምትላቸው ወንድ አያቷ በራፉ ላይ የቀርከሃ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሩዝ በሙዝ ቅጠል እየጠቀለሉ ያስራሉ። «ውኃ ጨምሪበት የኔ ልጅ። ደረቅ ወረቀት ይቧጭራል እንጂ አያለሰልስም።»

አናሊን ድንግጥ አለች። ወዲያው ግን ከባልዲው በመዳፏ ውኃ ቀድታ ደረጃው ላይ ጠብ ጠብ አደረገችና መፈግፈጓን ቀጠለች። አሁን ድምፁ ረጠበ።

«እንዲያ ነው» አሉ ሎሎ። «የት ደረስሽ?»

«ወደ ለስላሳው ወረቀት አልፌያለሁ።»

«ሻካራው የተወው ጭረት ሁሉ ጠፋ?»

«ጥፍት ብሏል ሎሎ።»

«ጎበዝ! የሴት አያትሽ እጅ ነው የወጣልሽ።» ሽማግሌው ፈገግ አሉና ቅጠላቸውን ማጠፍ ቀጠሉ። አናሊንም ስልኳ ላይ ለጓደኛዋ ለሃዜል «መጣሁ፣ አምስት ደቂቃ» ብላ ጻፈች። የመረብ ኳስ ልምምድ ሊጀመር ነበር።

የሎሎ ቴባንን ሁለት ዓይኖች ሞራ ሸፍኗቸዋል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ ፊት ግን አይለዩም። ቢሆንም ቤት ውስጥ እንደ እሳቸው የሚሠራ አልነበረም። እናቷ ገበያ ወስዳ የምትሸጠውን ሱማን፣ ያን በሙዝ ቅጠል የሚቀቀል ሩዝ፣ ጠቅልለው የሚያስሩት እሳቸው ናቸው። ጢማቸውን ራሳቸው ይላጫሉ። የልጃቸው የሮዴል ጂፕኒ፣ ያቺ ሰው የሚያመላልስባት ረጅም ጂፕ፣ ሞተሯ ሲያጉረመርም ኮፈኑን አስከፍተው በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ ያደርጉና «ይቺ ቡሎን ላልታለች» ይላሉ። ትሆናለችም።

ጂፕኒዋ «ሶሌዳድ» ትባላለች። ስሙ በቀይ ቀለም ከመስታወቱ በላይ ተጽፏል፤ የሟች ሚስታቸው ስም ነው። ለሰፈሩ ቅዱስ ክብረ በዓል በየዓመቱ ጂፕኒዎች ታጥበው፣ በወረቀት አበባ አጊጠው፣ ኮፈናቸውን ከፍተው ከቅዱሱ ሐውልት ኋላ በሰልፍ ይሄዳሉ። ቅዱሱም ሞተር ማየት ይወዳል ይባላል። ሎሎ ቴባን ታዲያ የሶሌዳድን የሞተር ክዳን ነቅለው፣ በምትኩ አሮጌ የዛገ ክዳን አስገጥመው፣ ቤት አምጥተው በእጃቸው ይወለውሉታል። ከሻካራው ወረቀት ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ለስላሳው፣ በውኃና በሁለት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፤ በመጨረሻ ደግሞ በጨርቅና በማብረቂያ ቅባት። ጨርቁ ጥቁር ካላወጣ አልሠራህም ማለት ነው። ጓደኞቻቸው «ሴትዮዋን በሕይወት ሳለች እንዲህ ወልውለሃት ታውቃለህ?» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

ክዳኑ ላይ አንድ ጎድጓዳ ቦታ አለ። አባቷ ሮዴል ልጅ ሳለ፣ ላግዝ ብሎ ትልቅ መፍቻ ከእጁ አምልጦት የወደቀበት ነው። ያኔ ልጁ ዱላ ሲጠብቅ ሴት አያቷ እየሳቁ መጡና «ተውት! ሞተሩም እንደ እኔ ጉንጭ ስርጉድ አወጣ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሎሎ ጎድጓዳውን አስሞልተውት አያውቁም። ሌላ ነገር ስለማይገባበት አውራ ጣታቸው ላይ ጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚያበሩት፤ የመጨረሻዋን ማሸት ደግሞ በባዶ ጣት። በበዓሉ ዋዜማ፣ ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ።

ዘንድሮ ሥራውን ለአናሊን ሰጧት። ከበዓሉ በኋላ ሶሌዳድ መንገድ ላይ አትወጣም፤ አሮጌ ጂፕኒዎች ተሰብስበው በአዲስ ሚኒባስ ይተኩ ተብሏል። «የመጨረሻዋ ሰልፍ ናት» አሉ ሎሎ። «እኔ ብሠራው የቀረ ጭረት አይታየኝም። አንቺ ሥሪው። እስኪያልቅ ጣቴን አላስገባብሽም፤ ሰው የያዘውን ሥራ ሌላ እጅ አይነካውም።» ቃላቸውን ጠበቁ። በየቀኑ ይጠይቁ ነበር እንጂ አልነኩም።

አናሊን መጀመሪያ ሰሞን ከልቧ ሠርታለች። ግን ሻካራው ወረቀት አያልቅም፤ ጣት ያደማል፤ ደግሞ መረብ ኳስ አለ፣ ሃዜል አለች፣ ስልኩ አለ። ዛሬን ልለፈው አለች። ነገንም አለፈችው። አንድ ቀን ውሸት ከተናገረች በኋላ ሁለተኛው ቀላል ሆነባት። እናቷ አንዴ «ጣትሽ እንዴት እንዲህ ንጹሕ ሆነ?» ስትላት «ጓንት አድርጌ ነው» አለች፤ እሱም አለፈ።

በዓሉ ሲቃረብ ግን ጭንቀት ያዛት። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ለሃዜል ነገረቻት።

«ገና ሻካራው ላይ ነኝ። ቅባቱ እንኳ በደንብ አልለቀቀም። ሎሎ ደግሞ ለሰው ሁሉ አውርተዋል።»

«ኧረ አታካብጂ!» አለች ሃዜል። ሃዜል ለሁሉም ነገር መላ አላት፤ ይኼ ነው የሚያስወድዳትም የሚያስፈራትም። «የአክስቴ ልጅ የሞተር ሳይክሉን ዕቃ በምን እንዳጠበው ታውቂያለሽ? በኮስቲክ ሶዳ! ዘፈዘፈው፣ ቅባቱም ዝገቱም ሙልጭ ብሎ ወጣ። እናትሽ ለሱማን የምታደርገው ሶዳ አለ አይደል?»

«አለ… ግን እማ አሉሚኒየም ድስት አታስነካውም።»

«እሱ ለምግብ ነዋ! ልትበዪው ነው እንዴ?»

አናሊን ሳቀች። ግን ታውቅ ነበር። ይኼ ነው በኋላ እንቅልፍ የነሳት፤ አለማወቋ ሳይሆን ማወቋ። እናቷ ከሩዙ ጋር ያንን ሶዳ በማንኪያ ጫፍ ነው የምትጨምረው፤ የምትቀቅለውም በሰማያዊው የብረት ድስት ብቻ ነው። አናሊን ገና ምድጃው ጋ ቆማ ማየት ስትጀምር የተነገራት ነገር ነው፤ ሶዳ አሉሚኒየም ይበላል። ሰፈሩ ውስጥ ሱማን የምትሠራ ሴት ልጅ ሁሉ ታውቀዋለች።

ቅዳሜ እናቷ ገበያ፣ አባቷ መንገድ፣ ሎሎ የቀትር እንቅልፍ ላይ ሳሉ፣ ጓንት አጥልቃ ከከፍተኛው መደርደሪያ ላይ ጣሳውን አወረደች። ትንሽ ልታደርግ ነበር ያሰበችው። ትንሽ አድርጋ ስታየው ምንም የመጣ ለውጥ የለም፤ ጨመረች። ቸኩላ ነበር፤ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ጨዋታ ነበራቸው። የቀረውን ገለበጠችው። ባልዲው ውስጥ ውኃው መንተክተክ ጀመረ፤ የሚቆጠቁጥ ሽታ ወጣ። ቅባቱ እየለቀቀ ነው ብላ ተደሰተች። ግማሽ ሰዓት ብቻ ልተወው አለችና ባልዲውን ከቤቱ ጀርባ ከጣሪያው ጥግ ሥር አድርጋ ሮጠች።

ጨዋታውን አሸነፉ። ከዚያ ዝናብ መጣ። ከዚያ ሃዜል በድሉ ደስታ የተፈጨ በረዶ በወተት ጋበዘቻት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አናሊን ግን ቸኩላ አፈሰሰችና ለመልቀም ዘገየች። ባልዲው ትዝ ያላት ማንኪያው አፏ ውስጥ እንዳለ ነበር።

ስትደርስ መንተክተኩ አልቆመም። በእንጨት አንስታ አወጣችው። ክዳኑ እንደ ከሰል ጠቁሯል። በውኃ አጠበችው፤ ጥላሸቱ ለቀቀ፤ ከሥሩ የወጣው ግን ፈንጣጣ የጎበኘው ፊት ነበር። እላዩ ላይ ጎላ ብለው የነበሩት ፊደሎች ሟሙተዋል። ጠርዙ ስሷል፤ አንዱ የቡሎን ቀዳዳ ተቦርቡሮ ከጠርዙ ጋር ሊገናኝ ምንም አልቀረው። ስርጉዱ ብቻ እንዳለ አለ፤ እሱም ጉርብርብ ብሎ።

አናሊን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ድምፅ አላሰማችም፤ ሎሎ ከእንቅልፋቸው ነቅተው ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ይሰማታል። ያኔ ገብታ ብትነግራቸው ኖሮ! ስንት ጊዜ አስባዋለች ይኼንን። በሩ ክፍት ነበር፤ መካከላቸው የነበረው ከአምስት እርምጃ አይበልጥም። እሷ ግን ክዳኑን የሩዝ ጆንያ ውስጥ ከተተችና ከዶሮዎቹ ቤት ሥር ወሸቀችው።

ማታ እናቷ ጣሳውን አንስታ አየች። «ሶዳዬን ማን ጨረሰው?»

«የዕቃ ማጠቢያው ቱቦ ተደፍኖ ነበር። እኔ ነኝ ያፈሰስኩበት።»

«አንቺ?» እናቷ በመገረም አየቻት። «ሳትለመኚ? ያሳደገሽ ይባረክ!» ብላ ግንባሯን ሳመቻት። ከሶዳው የተረፈው የአናሊን ቆዳ በዚያ መሳም ተቃጠለ።

ሃዜል ስትሰማ አንድ ጊዜ አፏን ያዘች። ጥፋቱ የእሷም መሆኑ ሳይገባት አልቀረም፤ ቶሎ ብላ መላ ፍለጋ ገባች። አጎቷ ኔስቶር የተፈቱ ሞተሮች የሚከመሩበት ግቢ አለው። እሑድ ወሰደቻትና «አጎቴ፣ ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ነው፤ እንዲህ ዓይነት ክዳን ፈልገን ነው» አለችው፤ ዓይኗን ሳታሽ። ሰውየው ከብረት ክምር ውስጥ አንዱን መዘዘ፤ ቁርጥ የሶሌዳድን። የጨርቅ ጎማ በሚያሽከረክረው ማሽኑ ላይ ያዘው፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። አናሊን በእጇ ወር ቢሰጣት የማትጨርሰውን እሱ ቡናው ሳይበርድ ጨረሰው። ክዳኑ መስታወት ሆነ። አናሊን ፊቷን አየችበት፤ ማየት ግን አልፈለገችም።

«አየሽ? በቃ!» አለች ሃዜል ግቢው ጥግ ሲደርሱ። «እንዲያውም ከፊተኛው በለጠ። አያትሽ ደግሞ አያዩም።»

«በእጃቸው ያያሉ።»

«እና?»

«ስርጉዱ የለውማ።»

ሃዜል ዙሪያዋን ቃኘች። ከአንድ በርሜል ላይ ራሱ ክብ የሆነ መዶሻ አንስታ አቀበለቻት። «አንቺ ምቺው። ቦታውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

አዎ፣ ታውቀዋለች። ዓይኗን ጨፍና ታገኘዋለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና መዶሻውን አነሳች። የመጀመሪያው ምት ፈራ አለ፤ ምልክት እንኳ አልተወም። ሁለተኛው በዛ። ቢያንስ ቢያንስ፣ አለች በልቧ፣ ቦታው ልክ ነው።

በዋዜማው ጎረቤቱ ሁሉ መንገድ ላይ ነበር። አባቷ የዛገውን ክዳን ነቅሎ የሚያበራውን ሲገጥም ገልበጥ አድርጎ አየው። «ውስጡንም አጠብሽው እንዴ? ጎበዝ! እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ይኼን አላደርግም» ብሎ ሳቀባት። የመጨረሻዋን ቡሎን አጥብቆ «በሉ አባባ፣ ተራዎ ነው» አለ።

ሎሎ ቴባን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል። እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ በፎጣ አድርቀው፣ አንድ እጃቸውን ለአናሊን ሰጧት፤ እየመራች አደረሰቻቸው። መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አሳረፉ። ጠርዝ ጠርዙን ሄዱበት። ፊታቸው እየፈካ መጣ። «አይ ልስላሴ!» አሉ። ከዚያ አውራ ጣታቸው የለመደውን መንገድ ይዞ ሄደና ስርጉዱ ውስጥ ገባ።

ቆመ።

ጣቱ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ፣ ዙሪያውን ዞረ።

«ዘንድሮ ጠለቀ» አሉ ሎሎ ቀስ ብለው።

አባቷ ዘይቱን እየለካ ነበር፤ አልሰማም። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን አወጡና በሌባ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ወይ የኔ ጣት ሰልሏል» አሉ። እንደ ቀልድ ነበር ያሉት። ከዚያ ቀና አሉና «ለመሆኑ በርቷል? ሮዴል፣ በርቷል?»

«መስታወት ነው አባባ! ጢምዎን ይላጩበታል!»

«እንግዲያው ምን ቸገረኝ» አሉና እንደ ልማዳቸው ስርጉዱን በባዶ ጣታቸው አሹት። ቶሎ ጨረሱ።

በማግስቱ ሰልፉ ላይ ሶሌዳድን ያላየ የለም። ፀሐይዋ ክዳኑ ላይ ስትወድቅ ሰው ዓይኑን ይጋርድ ነበር። ሾፌሮቹ «ሎሎ ቴባን፣ ዘንድሮ አዲስ ዓይን ተተከለልዎት እንዴ?» ሲሏቸው ሽማግሌው ከፊት ወንበር ሆነው «ተተከለልኝ እንጂ! ያቻትና፣ መረብ ኳስ የምትጫወተው!» እያሉ በጣታቸው ወደ ኋላ ያመለክታሉ። አናሊን በተጠቆመባት ቁጥር መሬት ብትውጣት ደስ ባላት። ሃዜል ከመንገዱ ዳር አውራ ጣቷን ቀስራ አሳየቻት።

ከበዓሉ በኋላ አባቷ ሶሌዳድን ሊያስረክብ ሲሄድ የዛገውን ክዳን መልሶ ገጠመላት። የሚያበራው ቤት ቀረ፤ ሎሎ ቀድመው ለምነውት ነበር። «ያን ብቻ ተውልኝ። ሌላውን ይውሰዱት።» በፎጣ ጠቅልሎ ጭናቸው ላይ አኖረላቸው። እናትየው «አሁን ደግሞ ከሶሌዳድ ጋር ሊተኙ ነው» ብላ ቀለደች።

ግን አልያዙትም። አናሊን አየች። ክዳኑን ከወንበራቸው አጠገብ መሬት ላይ አድርገው አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን እያሻሹ ይቀመጣሉ፤ ሰው የጨርቅ ጥራት ሲፈትሽ እንደሚያደርገው። አንድ ጧት አባቷን «ና ላጨኝ» አሉት። ራሳቸውን ሲላጩ የኖሩ ሰው! አባቷ ሳሙና እየቀባቸው «ምነው አባባ፣ ስንፍና ጀመሩ?» አላቸው፤ ሳቁ።

ከዚያ ሱማኑ መጣ። እናቷ እንደ ወትሮዋ ቅጠሉንና ክሩን አቅርባ የሩዙን ሳህን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠች። ሎሎ መልሰው ገፉት።

«ለሌላ ሰው ስጪው የኔ እመቤት።»

«ምነው? አመመዎት?»

«አይ። ላልቶ ቢፈታ ገበያ ላይ ታፍሪብኛለሽ።»

«ምኑ ነው የሚፈታው? የትናንትናው ሁሉ ደህና ነው!»

«እስካሁን።» ሎሎ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። «ዓይኔ ሲሄድ፣ ደግነቱ እጄ ቀረልኝ ብዬ ነበር። እሱም ጓዙን እየጠቀለለ ነው መሰለኝ። የሮዴልን ስርጉድ ያላወቀ እጅ ምን ያውቃል? ስንት ዘመን ያሸሁት! እንደ ባዕድ ሰው ፊት ሆነብኝ።»

እናቷ «እርጅና ነው አባባ፤ ያልፋል» አለች፤ እርጅና የማያልፍ መሆኑን ረስታ። አናሊን በሩ ጋ ቦርሳዋን እንዳነገተች ቆማ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የፈራችው እንዳይነቃባት ነበር። ያልነቃባት መሆኑ ይከፋል ብላ አስባ አታውቅም።

ትምህርት ቤት ለሃዜል ነገረቻት።

«አለቀ እኮ!» አለች ሃዜል። «በዓሉ አለፈ፣ ጂፕኒዋ ሄደች፣ ማንም አላወቀ። አሁን ብትነግሪያቸው የባሰ ነው የሚያዝኑት። ሽማግሌ ሰው እንዲህ አይደረግም።»

«እሳቸው አውቀዋል።»

«ካወቁ ለምን ዝም አሉ?»

«እኔ እንደዋሸሁ አይደለም ያወቁት። እጃቸው የዋሻቸው መስሏቸው ነው።»

ለሃዜል ለመጀመሪያ ጊዜ መላ አልመጣላትም። ጫማዋን እያየች «እኔስ ምን ልበል ለአጎቴ?» አለች፤ በትንሽ ድምፅ።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ ነበር። አሠልጣኙ ስም ሲጠሩ አናሊን አልነበረችም። ቤት ሄዳ፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ከዶሮዎቹ ቤት ሥር እጇን ሰደደች። ዶሮዎቹ ተቆጥተው ተንጫጩ። ጆንያው እርጥብ ነበር። ክዳኑን አወጣችው፤ እስከ ዛሬ ራሱን ሊለውጥ የሚችል ይመስል በተስፋ አየችው። አልተለወጠም። ግራጫ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ጠርዙ የተበላ። አጥባ በቀሚሷ ጫፍ አደረቀችው። ምንም ዓይነት ወረቀት፣ ሻካራም ይሁን ለስላሳ፣ ይኼን አይመልሰውም፤ ያንን ያህል ሎሎ አስተምረዋታል። መወልወል እኮ መቀነስ ነው። ከዚህ ላይ ደግሞ የሚቀነስ አልተረፈም።

ሎሎ ቴባን በራፉ ላይ ነበሩ፤ እጃቸው ባዶ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ሎሎ።»

«ልምምድ የለሽም?»

«አለኝ። ቀረሁ።»

ከሥራቸው ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍገው የሰነበተችው ደረጃ ላይ። ሲሚንቶው እዚያ ቦታ ላይ ልሙጥ ሆኖ ነበር። የሚያበራው ክዳን ከወንበሩ አጠገብ ፊቷን ያሳያታል፤ ፎጣውን አለበሰችውና ወደ ጎን ገፋችው። ያንን ሶዳ የበላውን ጭኗ ላይ አደረገች። ይቆጡ ይሆናል። ምናልባት ምንም አይሉ ይሆናል፤ እሱ ነበር የባሰው። የእናቷ ሶዳ፣ የሃዜል አጎት፣ መዶሻው፣ ሁሉም በየተራው መነገር አለበት። ከየት እንደምትጀምር ግን ታውቃለች።

«ሎሎ» አለች፤ «እጅዎን ይስጡኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?» አሉ ሽማግሌው። «የኔ እጅ እኮ ከእንግዲህ አያውቅም፣ የኔ ልጅ።»

«ያውቃል» አለችና አውራ ጣታቸውን ይዛ ስርጉዱ ውስጥ አስቀመጠችው።